የመዋኛ ገንዳ ጠርዝ ድንጋዮች ጥገና፦ ጅማ፣ ከኅዳር እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከጅማ መሃል ከተማ ወደ ቦዬ በሚወስደው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ካለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ተጠርቼ ዛሬ ጠዋት የመዋኛ ገንዳውን ዙሪያ ተመለከትኩ። ገንዳው 15 ሜትር ርዝመትና 7 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን የጥልቁ ወገን 2.20 ሜትር ይወርዳል። ጠርዙ ላይ የተደረደሩት 50 በ30 ሴንቲ ሜትር የተቆረጡ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጥቁር ድንጋዮች ናቸው። እያንዳንዳቸው 17 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ በእግር ሲረገጥ መንቀሳቀስ ከጀመረ ነገሩ ቀላል አይደለም።

የቤቱ ባለቤት ሐጂ እንዳጫወቱኝ፣ ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ የቆመበት ድንጋይ ተገልብጦ ቁርጭምጭሚቱን ስለቧጨረው ከዚያ ወዲህ ገንዳውን ዘግተውታል። «ሁለት ጊዜ አስጠግኜዋለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ አንድ ክረምት አልተሻገረም። አሁን ጠንከር ያለ ማጣበቂያ ፈልግልኝና በእሱ ይያዝ» አሉኝ። እኔም ማጣበቂያውን ከመግዛታችን በፊት ድንጋዩ ለምን እንደሚለቅ የምናይበት ሁለት ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው፤ ብዙም ደስ ሳይላቸው እሺ አሉ።

ድንጋዮቹን በጠመኔ ከ1 እስከ 86 ቁጥር ሰጥቼ በመዶሻ እጀታ አንድ በአንድ አንኳኳኋቸው። በደንብ የተያዘ ድንጋይ ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ባዶ የሆነው ግን እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከ86ቱ 31 ባዶ ድምፅ የሚሰጡ ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም 14ቱ በእጅ ሲገፉ ይንቀሳቀሳሉ። ቁጥሩን በወረቀት ላይ ሳሰፍረው ግን ሌላ ነገር ታየኝ፤ ከ31ዱ 22ቱ ያሉት በአንድ ወገን፣ ማለትም ከሕንፃው ጋር ትይዩ በሆነው ረጅም ጠርዝ ላይ ነው። ጥፋቱ የማጣበቂያ ቢሆን ኖሮ በአራቱም ወገን ተበትኖ መገኘት ነበረበት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ዛሬ ከሕንፃው ወገን ስምንት ድንጋዮች አነሳን። አምስቱ መሮ እንኳ ሳያስፈልጋቸው በእጅ ወጡ። በድንጋዩ ጀርባና በገንዳው ግድግዳ አናት ላይ ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ የቀድሞው ጠጋኝ ሲሚንቶውን በድንጋዩ ሥር ሙሉ በሙሉ አላነጠፈም፤ አራቱ ማዕዘኖችና መሃሉ ላይ በጉብታ በጉብታ አድርጎ ድንጋዩን ከላይ ጭኖበታል። ይህ አሠራር ድንጋዩን በውሃ ልክ ለማስተካከል ይቀላል፤ በጉብታዎቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ግን ውሃ ይጠራቀምበታል። ከስምንቱ በስድስቱ ሥር እርጥብ ጭቃ አገኘን።

ሁለተኛ፣ በጠርዙ ድንጋይና ከኋላው ባለው የመተላለፊያ ንጣፍ መካከል ምንም ክፍተት የለም። ንጣፉ 40 በ40 የሲሚንቶ ጡብ ሆኖ 8 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ላይ ተነጥፏል፤ ኮንክሪቱም እስከ ጠርዙ ድንጋይ ድረስ ተሞልቶ በሲሚንቶ ተዘግቷል። ገንዳው መሬት ውስጥ የተቀበረ አንድ ወጥ አካል ነው፤ ንጣፉ ደግሞ አፈር ላይ የተኛ ሌላ አካል ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ስለሌላቸው መለያየት ነበረባቸው።

ሦስተኛውና እኔን ብዙ ያቆየኝ አፈሩ ነው። በሕንፃውና በገንዳው መካከል ያለውን ንጣፍ በአንድ ቦታ ሰብረን ስንቆፍር የወጣው ጥቁር መረሬ ነው። በጅሬን ወገን ካለው ተዳፋት የሚገኘው ቀይ አፈር ውሃ ቢጠጣም ብዙም አያብጥም፤ መረሬ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይወርዳል። ገንዳው ሲሠራ የተቆፈረው አፈር መልሶ ከግድግዳው ጀርባ የተሞላ ይመስላል፤ አጠቃቀጡም ላላ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ፌሮ ዘንግ በእጄ ገፍቼ ግማሽ ሜትር ያህል ወረደልኝ። በዚያ ላይ የሕንፃው ጣሪያ ውሃ መውረጃ አሸንዳ አፉን የከፈተው እዚያው ንጣፍ ላይ ነው።

ማምሻውን ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁ። ኮንክሪት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሜትር ርዝመት 0.01 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ፀሐይ የመታው ንጣፍ ከሌሊቱ ብርድ ጋር ያለው ልዩነት 25 ዲግሪ ቢሆን፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ወደ ገንዳው የሚገፋው 0.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የሕንፃውን ወገን ያላቀቀው ሙቀት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ አፈሩ ከታች ንጣፉን ሲያነሳው፣ ከንጣፉ ጋር የተጣበቀው የጠርዝ ድንጋይም በጀርባው በኩል አብሮ ይነሳል። ወደ ርዝመቱ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለያል። 15 ሜትሩ በዚሁ ስሌት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከአራቱ የማዕዘን ድንጋዮች ሦስቱ የተሰነጠቁትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በአንድ ገንዳ ዙሪያ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ ማለት ነው፤ ሁለቱም የሚታከሙት በክፍተት ሲሆን፣ አንደኛው ግን ቁፋሮም ይጠይቃል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ትናንት ውጤቱን ለሐጂ አስረዳሁ። «እንግዲህ የድንጋይ ሥራ ያልነው የአፈር ሥራ ሆነ» ብለው ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ ተስማሙ። የምንሠራው ይህ ነው፦ ከሕንፃው ወገን 1.20 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ በሙሉ ርዝመቱ ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው መረሬ ይወጣል፣ የጣሪያው ውሃ ሌላ መንገድ ያገኛል፣ የላሉት 31 ድንጋዮች እንደገና ይተከላሉ፣ በመጨረሻም በዙሪያው ሁሉ የእንቅስቃሴ ክፍተት ይከፈታል። ያልላሉትን 55 ድንጋዮች አንነካቸውም።

ዛሬ የሐሙስ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ተጨናንቆ አሸዋ የጫነው መኪና የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። አሸዋውን በግማሽ ሃይላንድ ውሃ ውስጥ ጨምሬ፣ ጥቂት ጨው አድርጌበት፣ በኃይል ነቅንቄ አስቀመጥኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከአሸዋው በላይ የተኛው ደለል ከጠቅላላው ከፍታ ከአሥር አንድ እጅ ሆኖ ተገኘ፤ በእኛ አገር የተለመደው ልክ 6 በመቶ ነው። ሻጩን ከመነታረክ ይልቅ ማጠቡን መረጥን፤ ለድንጋይ መትከያ የሚያስፈልገን አሸዋ ብዙ አይደለም።

የቀን ሠራተኛ ማግኘት ግን ከአሸዋውም ባሰ። ወቅቱ የቡና ለቀማ በመሆኑ ጉልበት ያለው ወጣት ሁሉ ቡና ወደሚለቀምባቸው ወደ ጎማና ወደ ሊሙ ወረዳዎች ሄዷል፤ የቀረው ደግሞ የለቀማውን ዋጋ ይጠይቃል። ከአንድ አንጋፋ ግንበኛና ከሁለት ረዳቶች ጋር ለመሥራት ወሰንኩ።

አርብ፣ ኅዳር 27

ውሃውን ማጉደል ጀመርን። ግንበኛው «ገንዳውን ባዶ እናድርገውና በነፃነት እንሥራ» አለ። አሳቡ የብዙ ሰው አሳብ ስለሆነ ለምን እንዳልተቀበልኩት እገልጻለሁ። ባዶ ገንዳ በእርጥብ መሬት ውስጥ እንደ ጀልባ ነው፤ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከታች ይገፋዋል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ክብደት ደግሞ ወደ ታች ይዞት ይቆያል። ያ ክብደት ሲነሳ ወለሉ ሊሰነጠቅ ወይም ገንዳው በሙሉ ከቦታው ሊነሳ ይችላል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ በኅዳርም መሬቱ የክረምቱን ውሃ ገና አልጨረሰም። ለማረጋገጥ ከገንዳው ሁለት ሜትር ርቀን ጉድጓድ ቆፈርን፤ በ1.40 ሜትር ላይ ውሃ አገኘን፤ የገንዳው ጥልቅ ወገን ከዚያ በ80 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ግንበኛው ጉድጓዱን ካየ በኋላ ክርክሩን አልቀጠለም። ውሃውን ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ አድርገን አቆምን።

በዚሁ አጋጣሚ ውሃውን ለካሁት፤ የፒኤች መጠኑ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) 6.8 ነው። ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን ነበረበት። ሐጂ ገንዳውን የሚያክሙት በትራይክሎር ታብሌት ብቻ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ክሎሪን አሲድነት ስላለው፣ ማስተካከያ ካልተጨመረበት ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ሲሚንቶ ቀስ እያለ ይበላዋል። ዋናው ምክንያት ባይሆንም አስተዋጽኦ አለው።

ከሰኞ ኅዳር 30 እስከ ሐሙስ ታኅሣሥ 3

የቁፋሮ ሳምንት ነበር፤ ብዙ የሚጻፍ ነገር የለውም። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 1.20 ሜትር ስፋት፣ 15 ሜትር ርዝመት፤ ወደ 11 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አፈር በጋሪ ወጣ። ግድግዳውን እንዳንነካ በገንዳው በኩል ያለውን የመጨረሻ አንድ ክንድ በአካፋ ብቻ ቆፈርን።

ከሥር ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በመሰርሰሪያ በስተን፣ ጠጠር ውስጥ አድርገን፣ ወደ መንገዱ ቦይ የሚወርድ ቁልቁለት ሰጥተን ዘረጋን። ቱቦው በደለል እንዳይደፈን በምን እንጠቅልለው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ አንደኛው ረዳት የቡና ጆንያ አመጣ። ጆንያ በጅማ የማይሠራው ሥራ የለም፤ መሬት ውስጥ ግን በሁለት ክረምት በስብሶ ያልቃል። ከአንድ የመንገድ ሥራ የተረፈ የጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር፣ የማይበሰብስ ጨርቅ) ቁራጭ አገኘሁ። ጆንያዎቹን ግን አልመለስኳቸውም፤ በኋላ ያስፈልጋሉ።

ጉድጓዱን በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ፣ እንደ መረሬ በማያብጥ የመሙያ አፈር) ሞላነው፤ በ15 ሴንቲ ሜትር አራት ጊዜ እየከፈልን፣ እያንዳንዱን እርከን እያራስን በእጅ መጠቅጠቂያ ደበደብነው። በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ መደብደብ ድካም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚጠቀጠቀው የላዩ ብቻ ነው፤ ከዚህ በፊትም የሆነው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ያንኑ የፌሮ ዘንግ ዛሬ ማታ ስገፋው ሦስት ጣት እንኳ አልገባም። የጣሪያውን አሸንዳ ደግሞ በተለየ ቱቦ አጥፈን በቀጥታ ወደ ቦዩ መራነው።

አርብ፣ ታኅሣሥ 4

ድንጋይ መትከል ጀመርን። የግድግዳውን አናት ከአሮጌው ሲሚንቶ አጽድተን፣ በመሮ አሻክረን፣ አጥበን አራስነው። ልውሱ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ነው። ሲሚንቶው ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) እንዲሆን ፈለግኩ፤ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) በመጨረሻ ጥንካሬው የሚናቅ ባይሆንም አያያዙ ዘገምተኛ ነው፤ በዚህ ወር የጅማ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ የባሰ ይዘገያል። ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረን፣ ከገንዳው ወደ ውጭ ጥቂት እንዲያዘነብል አድርገን ቀጠልን።

እስከ ስድስት ሰዓት አምስት ድንጋዮች ተተከሉ፤ ለተጨማሪ አራት የሚሆን ልውስም ተዘረጋ። ከዚያ የጁምዓ ሰዓት ደረሰና ሰዎቹ ወደ መስጊድ ሄዱ። ሲመለሱ አራቱን ተከሉ። ልውሱ ላይ ጥቂት ውሃ ረጭተው በጎማ መዶሻ መቱት፤ በውሃ ልክ ሲታይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ዘጠኙን አንኳኳሁ። አምስቱ ድፍን ናቸው፤ ከጸሎት በኋላ የተተከሉት አራቱ ግን ሁሉም ባዶ ድምፅ ሰጡ። አንዱን አንስተን ጀርባውን አየነው፤ ልውሱ የግድግዳውን አናት ይዞታል፣ ድንጋዩን ግን አልያዘውም፤ የድንጋዩ ጀርባ እንደ መስተዋት ንጹሕ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፀሐይ ላይ የቆየ ልውስ መድረቅ ጀምሯል፤ ከላይ የተረጨው ውሃ አለሰለሰው እንጂ ኃይሉን አልመለሰለትም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አርብ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሰዓቱንም አውቃለሁ፤ ልውሱን ያዘረጋሁት ግን ሥራው ፈጥኖ እንዲታይ ፈልጌ ነው። ግንበኛው አንገቱን ደፍቶ «ልነግርህ ብዬ ነበር፣ ኢንጂነር፤ ተውኩት» አለኝ። ኢንጂነር አለመሆኔን ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አላውቅም። አራቱንም አነሳናቸው።

ከዚህ በኋላ የያዝነው ሥርዓት ይህ ነው፦ ልውሱ የሚዘረጋው ለአንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ የድንጋዩ ጀርባ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ አቧራው ታጥቦ ይራሳል፤ ወፍራም የሲሚንቶ ውሃ በብሩሽ ይቀባል፤ ሳይደርቅ ወዲያውኑ ይተከላል። ልውሱ በአራቱም ጎን ተጨምቆ ካልወጣ ድንጋዩ ተነሥቶ ይጨመርለታል። በቀን ከስምንት ድንጋይ በላይ አልሄድንም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን... አይደለም፤ ታኅሣሥ 12

ቀኑ ሳይቀር ተምታቶብኛል። ዛሬ 31ኛው ድንጋይ ተተከለ። የተሰነጠቁትን ሦስት የማዕዘን ድንጋዮች በአዲስ ተክተናል፤ ቀለማቸው ከአሮጌዎቹ ጠቆር ይላል፤ ዝናብና ፀሐይ ያስተካክለዋል ብዬ አልፌዋለሁ።

አሁን የጆንያዎቹ ተራ ነው። በተተከሉት ድንጋዮች ላይ አልብሰን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውሃ እናጠጣቸዋለን። ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይደርቁ መቆየት አለባቸው። ሐጂ ጆንያ የለበሰውን ገንዳ አይተው «የቡና መጋዘን አደረጋችሁት» ብለው ሳቁ፤ ከተጀመረ ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ሌሊት ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስደርስ የጣሪያው ውሃ በአዲሱ ቱቦ ወደ ቦዩ ወርዷል፤ የተሞላው ሰሌክት ላይ የተጠራቀመ ኩሬ የለም። ለማሰብ እንኳ ያላቀድነው ፈተና በነፃ ተፈተነልን።

ከሰኞ ታኅሣሥ 21 እስከ ታኅሣሥ 28

ባነሳነው ንጣፍ ቦታ አዲስ ኮንክሪት አፈሰስን፤ ከጠርዙ ድንጋይ ጀርባ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አቁመን፣ ኮንክሪቱ ሲይዝ ጣውላውን አወጣን። ንጣፉ በ1.20 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጓል። በቀሩት ሦስት ወገኖች አሮጌውን ንጣፍ በግራይንደር ቆርጠን ተመሳሳይ ክፍተት ከፈትን። የድንጋይና የኮንክሪት አቧራ ሳንባን ስለሚጎዳ ያለ ጭምብል ማንም እንዳይቆርጥ አድርጌያለሁ፤ ውሃ አጠገብ በ220 ቮልት ስለምንሠራ ደግሞ ገመዱ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ከወለሉ እንዲርቅ አድርገናል። ማግስቱ ገና ስለሆነ በታኅሣሥ 28 ቀን ሥራ አቆምን።

ሰኞ፣ ጥር 5

ክፍተቱን የምንሞላው ዛሬ ነው። እዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት የቀደመውን ድካም ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል፤ ክፍተቱ በሲሚንቶ ከተሞላ ክፍተት መሆኑ ቀርቷልና። ግንበኛውም በልምድ ሲሚንቶ ለማዘጋጀት ተነሥቶ ነበር።

በመጀመሪያ በክፍተቱ ውስጥ ከስፋቱ ጥቂት ወፈር ያለ የስፖንጅ ገመድ ጠቅጥቀን አስገባን። ከላዩ የሚሞላው ማሸጊያ ፖሊዩሪቴን የተባለ፣ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ የሚሆን ነገር ነው። ገመዱ ሁለት ጥቅም አለው፤ ማሸጊያው ወደ ታች እንዳይሰምጥ ይይዛል፣ እንዲሁም ማሸጊያው ከታችኛው ወለል ጋር እንዳይጣበቅ ይከለክላል። ማሸጊያ በግራና በቀኝ ብቻ ሲይዝ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ከሥርም ከያዘ ግን ሲሳብ ይቀደዳል። ጥልቀቱ የስፋቱ ግማሽ፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አድርገናል። በዙሪያው 46.40 ሜትር ስላለ 3.3 ሊትር ያህል ፖሊዩሪቴን ያስፈልጋል፤ ባለ 300 ሚሊ ሊትር 14 እሽግ ገዝቼ 13ቱ አለቁ። የክፍተቱ ጎኖች ፍጹም ደረቅ መሆን ስላለባቸው ጤዛው እስኪነሳ እስከ አራት ሰዓት ጠበቅን።

አርብ፣ ጥር 9

ውሃውን ሞላን፤ ፒኤቹ ተስተካክሎ 7.4 ላይ ነው። 86ቱንም ድንጋዮች እንደገና አንኳኳሁ። ቁጥር 47 ብቻ ጥርጣሬ ያለው ድምፅ ይሰጣል፤ ካልተነኩት 55 አንዱ ነው፤ በኅዳር ደኅና ብዬ አልፌው ነበር። ስለማይንቀሳቀስ አላነሳሁትም፤ በወረቀቱ ላይ ግን በቀይ ከበብኩት። ሐጂ የውሃ መለኪያውን ተቀብለው በየሳምንቱ እንደሚለኩ ቃል ገቡልኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ዝናቡ ሳያቋርጥ ወር አልፎታል። በራሴ ፈቃድ ሄጄ አየሁት። ያልቆፈርነው የሕንፃው አጠገብ ንጣፍ በአንድ ቦታ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል፤ እዚያ ያለው መረሬ አሁንም ሥራውን እየሠራ ነው። እንቅስቃሴው ግን ወደ አዲሱ ንጣፍ አልተሻገረም፤ የጠርዙ ድንጋዮችም በሲባጎ ሲለኩ ባሉበት ናቸው። ማሸጊያው በሁለቱም ጎን እንደያዘ ነው፤ በአንዱ ማዕዘን ላይ ክፍተቱ ከ12 ወደ 11 ሚሊ ሜትር ጠብቧል። ቁጥር 47ን አንኳኳሁት፤ ድምፁ በጥር እንደነበረው ነው፤ በበጋ ይነሳል።